ለፊደሉ የሚቀር ቦታ

መስከረም፣ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል፣ ጠዋት

ጉሙ ገና አልተነሣም። ከፊቴ ካለው ዳገት የሚታየው ግርጌው ብቻ ነው፤ ሁለት የሐበሻ ጽዶች ቆመዋል፣ ከእነሱ በላይ ሁሉም ነጭ ነው። የመጣሁት ይህን ለማየት ነው።

ጓደኛዬ ግራፊክ ዲዛይነር ናት። ለአንድ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የችግኝ ተከላ ፖስተር እየሠራች ነው። ሥዕሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናሠራዋለን፤ ፕሮምፕቱን፣ ማለትም ለማሽኑ የሚሰጠውን የጽሑፍ ትእዛዝ፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። እሷ አጥብቃ የምትጠይቀኝ ርዕሱ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ነው። ማሽኑ ግን ደን ሲባል ከዳር እስከ ዳር ዛፍ ይሞላል፤ ችግኝ ሲባል መሀል ላይ ይተክለዋል።

ይህ ባዶ ቦታ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ዛሬ ዛሬ ርዕሱንም ለማሽኑ ሊያጽፈው ይችላል። የግዕዝ ፊደልን ግን ማሽኖቹ ብዙ ጊዜ ያበላሹታል፤ «ሐ» የሚመስል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን የትኛውም ፊደል ያልሆነ ቅርጽ ያወጣሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ይሠራል፤ ፊደሉን ዲዛይነሯ በኋላ በራሷ ፎንት ታስቀምጣለች። ቦታ ካልተተወለት ርዕሱ ቅጠል ላይ ያርፍና ሳይነበብ ይቀራል።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ፣ ችግኝ የሚኮተኩቱ አዛውንት ሠራተኛ ቀና አሉ።

«ምን ትጽፊያለሽ ልጄ?»

«ጉሙን ነው አባቴ።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን አታገኚውም።»

እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። «ባዶ» የሚለውን ቃል አልተጠቀምኩም። ሥዕል የሚሠሩት ሞዴሎች የተማሩት ከኢንተርኔት ከተሰበሰቡ ምስሎችና አብረዋቸው ከተጻፉ መግለጫዎች ነው። ከፎቶ ሥር የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ያለውን ነው፤ የሌለውን የሚዘረዝር የለም ማለት ይቻላል። «ዛፍ የሌለበት ሜዳ» ብለን ስንጽፍ «ዛፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ዛፉን ይጠራዋል። እንደ ሚድጆርኒ ያሉት ፕሮግራሞች የማይፈለገው ነገር ለብቻው የሚጻፍበት ትእዛዝ ያበጁትም ለዚህ ነው። ያም ትእዛዝ ቢሆን ማሽኑ ቦታውን በምን እንደሚሸፍነው አይነግረውም። እዚህ ዳገት ላይ ያለው ነጭ ቦታ ግን ከምን እንደተሠራ በዓይን ይታያል፤ ጉም ነው፣ ወጥ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ይሳሳል። ማሽኑ እንዲህ ተብሎ ሲነገረው ይገባዋል።

በማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «ከላይ ሁለት ሦስተኛው ወፍራም ነጭ ጉም፣ ወጥ፣ ዝርዝር የማይታይበት፤ ከታች በግራ ጥግ አንድ ትንሽ የጽድ ችግኝ፤ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን።» ማሽኑ ይበልጥ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ስለሆነ ማታ እተረጉመዋለሁ። ጉሙን ያስቀደምኩት አውቄ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 2022 የወጣው ስቴብል ዲፊዩዥን ከረጅም ጽሑፍ የሚያነበው 77 የቃል ቁራጭ ያህል ብቻ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የተጻፈ ነገር ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ስቴብል ዲፊዩዥን ችግኙን መሀል ላይ የሚያቆምበትም ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። ለሥልጠና የቀረቡለት ምስሎች ረጅሙ ጎናቸው ተቆርጦ 512 በ512 ፒክስል ካሬ ተደርገው ነበር፤ ሲቆረጡ የሚጠፋው ዳሩ ነው። ነጭ ጉም ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ ግራጫ አድርጎ የሚያወጣበት ምክንያት ደግሞ ይበልጥ ያስገርመኛል። ሞዴሉ የሚሠለጥነው ምስልን በዘፈቀደ ነጠብጣብ እየደበቁ መልሶ እንዲያወጣው በማድረግ ነው፤ ነጠብጣቡ ግን ምስሉን ጨርሶ አይደብቀውም ነበር። የምስሉ አማካይ ብርሃን በጥቂቱ ስለሚቀር ሞዴሉ መካከለኛ ብርሃንን ይለምዳል፤ ድፍን ነጭም ድፍን ጥቁርም ማውጣት ይቸግረዋል። ተመራማሪዎች ይህን በእ.ኤ.አ. 2023 አሳይተው መፍትሔውን አብረው አቅርበዋል።

ሰው ግን ነጩን መተው ያውቅበታል። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሃሴጋዋ ቶሃኩ (እ.ኤ.አ. 1539–1610) ጥዶችን በጉም ውስጥ ሲስል ጉሙን በቀለም አልሠራውም፤ አብዛኛውን ወረቀት ሳይነካ ትቶታል። ዛሬ ሥዕሉ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የእኛ ሥዕል ሙላትን ይወዳል የሚል ሰው የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ይጠቅሳል፤ የመላእክት ፊት ሞልቶታል። እኔ ግን ብራናውን አስታውሳለሁ። ቁም ጸሐፊው ገና ቀለም ሳይነክር ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ ኅዳጉ የሚወሰነው ከመጀመሪያው ፊደል በፊት ነው። የፖስተሩም ቁመትና ስፋት፣ ርዕሱም የሚያርፍበት ቦታ ከፕሮምፕቱ በፊት መወሰን አለበት ብዬ የማምነው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ረፋድ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ

ማዕከሉ 705 ሄክታር ስፋት አለው፤ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ብዙው ቦታ ባሕር ዛፍ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ያለበሰው ዛፍ። ግንዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው በየእርምጃው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ርዕስ የሚገባበት ቦታ የለም። ባሕር ዛፉ ተነሥቶ ሀገር በቀል ዛፍ በሚተካበት ሥፍራ ግን ሣራማ ገላጣ ይገኛል፤ ብርሃኑ መሬት ድረስ ይወርዳል። ጻፍኩ፦ «ሰፊ ሣራማ ገላጣ፣ ከሩቅ አንድ ቀጭን የደን መስመር።» አደይ አበባ ያለበትን ዳገት ተውኩት፤ ቢጫው ነጥብ ነጥብ ስለሚል ፊደል አያሳርፍም።

ኮሶው ጋ ብዙ ቆየሁ። ስሙን ብቻ ብንሰጠው ማሽኑ ሌላ ዛፍ ያወጣል፤ ስለዚህ ቅርፊቱን ጻፍኩ፣ ቀይ ቡናማ ሆኖ የሚላጥ፤ አበባውን ጻፍኩ፣ ቀላ ብሎ ወደ ታች የተንዠረገገ። ዛፉ ወደ አንድ ጎን ካደላ ሌላው ጎን ለጽሑፍ ይቀራል።

ማታ የጉሙን ሥዕል ለጓደኛዬ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች፦ «ርዕሱ ሁለት መስመር ሆኗል። ፊደሎቻችን ቁመታቸው ስለሚቀራረብ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት እፈልጋለሁ፤ ጽዱን ዝቅ አድርጊልኝ።» «ሁለት ሦስተኛ» የሚለውን «ሦስት አራተኛ» አድርጌ እንደገና አዘዝኩት።