ኩረጃ የወለደው ጨዋታ

ፈተና ሲቃረብ የአማርኛ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በቡድን ከፍለው የሚያጫውቷት አንዲት የክለሳ ጨዋታ አለች። ሰሌዳው በሠንጠረዥ ይከፈላል፤ አንዱ ዓምድ ሰዋስው፣ ሌላው ሥነ ጽሑፍ፣ ሦስተኛው ዘይቤ ይባልና ከላይ ወደ ታች ነጥብ ይጻፍበታል። መምህሩ «ሰው ያልሆነን ነገር ሰው አስመስሎ የሚያቀርብ…» ብሎ ሳይጨርስ «ሰውኛ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። ብዙዎች ይህችን ጨዋታ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» ከሚለው ሐረግ ጋር ተያይዛ የመጣች እንግዳ አድርገው ያዩዋታል። ወዳጆቿ በአዲስነቷ ያመሰግኗታል፣ ባላንጣዎቿም በዚያው በአዲስነቷ ይከሷታል። የትውልድ ሐረጓን ለቆጠረ ግን ሁለቱም ወገኖች በሌላ ሰው ሰነድ የሚሟገቱ ይመስላሉ።

እያጫወቱ ማስተማር ራሱ ሽበታም ነው። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የንግግር ጥበብ ያስተምር የነበረው ኩዊንቲሊያን፣ ልጆች ከዝሆን ጥርስ በተቀረጹ ፊደላት እየተጫወቱ እንዲማሩ፣ እርስ በርስ እንዲፎካከሩ፣ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ሽልማትም እንዲያገኙ መክሮ አልፏል። የሰሌዳዋ ጨዋታ የቅርብ ወላጅ ግን «ጄፓርዲ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ነው፤ የአወላለዱም ነገር መምህር ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዝነኛ የነበሩ አንዳንድ የጥያቄና መልስ ውድድሮች መልሱን ለመረጧቸው ተወዳዳሪዎች አስቀድመው ይነግሩ እንደነበር ተጋለጠ፤ የሕዝቡም እምነት ተሟጠጠ። መርቭ ግሪፈን የተባለው የቴሌቪዥን ሰው አዲስ ውድድር ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ባለቤቱ ጁላን፣ እንግዲያውስ መልሱን በግልጽ ሰጥቶ ጥያቄውን ከተወዳዳሪው መጠበቅ ነው የሚል ሐሳብ አመጣችለት። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1964 በኤንቢሲ ተጀመረ። በእኛ አነጋገር ኩረጃ የወለደው ጨዋታ ነው። መድኃኒቱ ግን ሕመሙን አልነካውም፤ የተገለበጠው የዓረፍተ ነገሩ መልክ ብቻ ነው። ትርጉሙን ሰምቶ ስሙን የሚጠራ ተማሪ ያንን ስም ከኋላ ወንበር በሹክሹክታ ሊቀበለው፣ በመዳፉም ጽፎት ሊገባ ይችላል። ስድስት ፊደል የማይሞላ ቃል ለመደበቅ ምን ቦታ ይፈልጋል?

ለዚህ ሕመም ሥር የሚነቅል መድኃኒት ያገኘው የቅኔ ቤት ነው። እዚያ ተማሪው መጀመሪያ ግስ ያጠናል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ እያለ በየቤቱ ያረባል፣ አገባብ ይማራል። ሸምድዶ ያልያዘ የትም አይደርስምና ቃልን ማጥናት እዚያም ግዴታ ነው። ነገር ግን የጉባኤ ቃናን፣ የባለ ሁለት ቤቱን የቅኔ ዓይነት፣ ትርጉም ስለተናገረ ጉባኤ ቃና ዐወቀ የሚለው የለም። ብቻውን ዛፍ ጥላ ሥር ሄዶ ሁለት ቤት ቅኔ ይቆጥራል፤ መጥቶ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ካልሆነለት ተመልሶ ይቆጥራል። ሁለቱን ቤት ሳይችል ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ መዝለል የለም። የመልስ ቍልፍም የለም፤ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ እንጂ የትናንቱ የማይደገም ነውና። ሊቁ በጉባኤ መካከል አዲስ ቅኔ ሲያፈልቅ ድርጊቱ «ዘረፋ» ይባል እንጂ፣ ከማንም የማይወሰድበት ብቸኛው ዘረፋ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የሥነ ጽሑፍና የሰዋስው ቃላት አብዛኞቹ የሥራ ስሞች ናቸው። ምጸት፣ ግነት፣ ንግር፣ ምልሰት ሁሉም ሰው በቃል የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸውና ማወቅም ማድረግ ነው። ቅኔ ቤቱ የገባው ይህ ነው።

ቅኔ ቤት ጨዋታ አልነበረም የሚል ካለ እውነቱን ነው። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከመንደር ውሻ ጋር ታግሎ የሚማርን ልጅ «እየተጫወተ ነው» ማለት ግፍ ነው። ለሴት ልጅም በሩ ጠባብ ነበር፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉት የቅኔ መምህርት ስማቸው እስከዛሬ በአድናቆት የሚነሣው ብዙ አምሳያ ስላልነበራቸውም ጭምር ነው። እዚህ የሚፈለገው ግን ሕጉ እንጂ ችጋሩ አይደለም። ጨዋታውን ከፈለጋችሁ ደግሞ እንቆቅልሽ አለላችሁ። «ምን አውቅልሽ» ብሎ የሚመልስ የስድስት ዓመት ልጅ ተለዋጭ ዘይቤን ፈትቶ ይገጥማል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የተለዋጭ ዘይቤን ትርጉም ተጠይቆ ይወድቃል። የነጥብ አያያዙም ቢሆን ከሰሌዳው ይጥማል፦ ያልመለሰ ሀገር ይሰጣል፣ ጠያቂውም ያልወደደውን ሀገር አልቀበልም ብሎ ይከራከራል።

እንግዲህ የክለሳዋን ጨዋታ እንገልብጣት። ካርዱ ላይ ትርጉሙ ቀርቶ ስሙ ብቻ ይጻፍ፤ ያወጣው ቡድን በዚያ ስም የሚጠራውን ነገር ሠርቶ ያቅርብ። ለአንዱ ቡድን «ምጸት» ወጣለት እንበል። ክረምት ነው፣ ቆርቆሮው ያፈስሳል፣ ደብተር ርሷል። ቡድኑ «የክፍላችን ጣሪያ እንዴት ለጋስ ነው!» ይላል። ተቃራኒው ቡድን ይነሣና ጣሪያ ለጋስ አይባልም፣ ይህ ሰውኛ ነው፣ ነጥብ የላችሁም ይላል። ማን ረታ? ሁለቱም። ዓረፍተ ነገሩ ሰውኛም ምጸትም ነው፤ አንዱ ጣሪያውን ሰው አድርጎታል፣ ሌላው ውዳሴውን ወቀሳ አድርጎታል፤ የመጀመሪያው ከምን እንደተሠራ ይናገራል፣ ሁለተኛው ለምን እንደተባለ። ይህን ልዩነት ከመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ለማውጣት ሁለት ክፍለ ጊዜ አይበቃም። ሦስተኛው ቡድን «ግነት» ወጥቶለት «ታክሲ ስንጠብቅ ጢም አበቀልን» ቢል ደግሞ፣ ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ግነት ሳይሆን ዜና ነው ብሎ የሚሞግት አይጠፋም። ሙግቱም ተገቢ ነው፤ ግነት ከእውነት ምን ያህል ሲርቅ ግነት እንደሚሆን መጠየቅ ማለት ነውና።

መምህራን ሁለት ነገር ያነሣሉ። የመጀመሪያው የተማሪው ብዛት ነው፤ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል የሁሉንም ማን ያርማል? ቅኔ ቤትም ብዙ ተማሪ ነበረው፤ ጀማሪዎቹን የሚያርሙት ከፍ ያሉት ተማሪዎች ነበሩ። የጣሪያውንም ዓረፍተ ነገር ያረመው መምህሩ ሳይሆን ነጥቡን ሊነጥቅ የተነሣው ባላጋራ ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ከሀ እስከ መ ያለውን ማጥቆር እንጂ ማንም ምጸት ሥራ አይልም። እውነት ነው። ጥድፊያ ባለበት የመጨረሻ ሳምንት የሰሌዳዋ ጨዋታ ፈጥና ብዙ ቃል ታዳርሳለች፤ ለዚያ ትቆይ። ግን አንድ ጊዜ ምጸት ሠርቶ ነጥብ የተከለከለና የተሟገተ ልጅ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ምጸትና ሰውኛ ጎን ለጎን ተደርድረው ቢመጡበት የሚደናገር አይመስለኝም፤ ትርጉሙን የሸመደደው ግን እዚያው ላይ ነው እርሳሱን የሚያኝከው። ለካርዱ በጀት አያስፈልግም፤ የደብተር ወረቀት በአራት ቢቀደድ ይበቃል።