ስጦታ ወይስ ውርስ

የ99 ዓመት የቤት ሊዙ አልቆበት ያሳደሰ ኢትዮጵያዊ የለም። ሊኖርም አይችልም። የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 80፣ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜውኑ የ99 ዓመት ውል የፈረመ ሰው ቢኖር እንኳ ውሉ የሚያልቀው በ2085 ነው። ስለ እድሳት ስናወራ እንግዲህ ማንም ስላልሞከረው ነገር ነው የምናወራው። እኛ ቤት ግን ወሬው ዘንድሮ ገብቷል፤ በአያቴ ቤት ምክንያት።

ቤቱ ወረታ ነው፤ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠልበት ብዙም አይርቅም። አያቴ የተወለደችው ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብ በክረምት ሞልቶ ማሳውን ሐይቅ የሚያስመስልበት ቀበሌ ውስጥ ነው። ለትዳር ከተማ ገባች። ቦታውን ከባሏ ጋር ያገኙት በደርግ ጊዜ ነው። የከተማ ቦታን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ቦታ ይፈቅድ ነበር፤ እነሱ ከዚያ ያነሰ ደረሳቸው። በሩዝ ንግድ ባገኙት ብር የጭቃውን ቤት በብሎኬት ቀየሩት።

እንዲህ ያለው ቦታ ዛሬ «ነባር ይዞታ» ይባላል። መንግሥት አንድ ቀን በጥናት ወደ ሊዝ እንደሚያስገባው ሕጉ ላይ ተጽፏል፤ እስከዚያ ግን ማለቂያ ቀን የለውም።

አያቴ ቤቱን ለእኔ ልትሰጠኝ ትፈልጋለች። «በቁሜ ላስረክብህ» ነው የምትለው። ጎረቤቷ በሞተች በዓመቱ ልጆቿ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ አይታለች።

አዋጅ ቁጥር 721/2004ን አውርጄ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ያነበብኩት እንደ ኮድ ነው፦ ይህ ከሆነ ያ፣ ካልሆነ ደግሞ ያኛው። ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ከተላለፈ ወደ ሊዝ ይገባል። አያቴ ዛሬ በስጦታ ብትሰጠኝ ቤቱ ላይ 99 ዓመት መቆጠር ይጀምራል። ሞታ ብወርሳት ግን አይጀምርም። ሕጉ ሳያስበው ምክር ሰጠኝ ማለት ነው፦ ታገስ፣ እስክትሞት ጠብቅ።

ዘመኑ ሲያልቅስ? ባለሊዙ ከ10 ዓመት እስከ 2 ዓመት ሲቀረው በጽሑፍ ማመልከት አለበት። የሚመለከተው አካል በአንድ ዓመት ውስጥ ካልመለሰለት እንደተስማማ ይቆጠራል። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። እኛ ታይምአውት የምንለው ነው፤ መልስ ሲጠፋ ሲስተሙ ራሱ ይወስናል፣ ያውም ለነዋሪው አድልቶ። የቀረው ግን አያስቅም። እድሳቱ የሚሰላው ያኔ በሚኖረው የሊዝ መነሻ ዋጋ ነው፤ ዛሬ ማንም አያውቀውም። ቦታው ለሌላ ልማት ከተፈለገ ደግሞ ላይታደስ ይችላል፤ ስላልታደሰም ካሳ የለም።

ሒሳቡን ሠራሁ። በ2018 ብፈርም 2117 ላይ ያልቃል። የማመልከቻው በር ከ2107 እስከ 2115 ክፍት ነው። ማመልከቻውን የሚጽፈው ገና ያልተወለደ የልጅ ልጄ ነው። ቀኑን የት ላስቀምጥለት? እኔ የምሠራቸው ሲስተሞች አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ይጣላሉ።

ሎንደን የሚኖር ጓደኛዬ አፓርታማው በሊዝ ነው። እዚያ ቀሪው ዘመን ከ80 ዓመት ሲወርድ የማራዘሚያው ክፍያ ስለሚያሻቅብ ሰው ቀድሞ ይሯሯጣል፤ ባንኮችም ዘመኑ ላጠረ ቤት ማበደር ይሸሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ማራዘሚያውን 990 ዓመት ለማድረግ ያለመ ነው። ከእሱ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ሊዝ ዋጋው የሚወርደው ባለቀ ቀን ሳይሆን ሰው መቁጠር በጀመረ ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኳት።

«መሬት ደግሞ ቀን ተቆርጦለት ይሰጣል እንዴ?» አለች። ሜዳው ላይ ያለው ወንድሟ የሩዝ ማሳው ደብተር ላይ ማለቂያ ቀን የለም፤ መሸጥ ግን አይችልም። ለእሷ መሬት እንዲያ ነው፤ አይሸጥም፣ አያልቅም።

«እምዬ፣ ኑዛዜ ብታደርጊውስ?» አልኳት። ኑዛዜ ውርስ ስለሆነ ቤቱ ሊዝ ውስጥ አይገባም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮች ይጠይቃል፤ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

ዝም አለች። «ኑዛዜ እኮ የሚሞት ሰው ነው የሚያደርገው።»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የማሰላው የማለቂያውን ቀን ነበር። እሷ የምትፈልገው ግን ሰጥታ፣ ስቀበል አይታ፣ መርቃኝ መቀመጥ ነው። ለዚያ የሚሆን አንቀጽ አዋጁ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ራሷ ደወለች። «ወረቀቱ ከሞትኩ በኋላ ይሥራ፤ ቁልፉን ግን መጥተህ አሁን ውሰድ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ አልብሰው።»

ቆርቆሮውን ገዝቻለሁ። አራቱን ምስክሮች የመረጠችው ራሷ ናት። አንደኛው ሽማግሌ በጣም አርጅተዋል፤ ከእሷ በፊት ቢያልፉስ ብዬ ሰጋሁ። «እሳቸው ለምስክርነቱ አይደለም» አለችኝ፤ «ለምርቃቱ ነው።»