ቲዩቡ ከተቀየረ በኋላ ያለው ሥራ

የአርኬድ ጌም ማሽን ፒክቸር ቲዩብ ሲቀየር ማስተካከያው መጠናቀቅ ያለበት ማሽኑ በሚቆምበት ቦታ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተስተካክሎ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ 14ኛ ጎዳና ላይ ወዳለ ቡና ቤት የተወሰደ ሞኒተር ሥራው ገና አላለቀም። ምክንያቱ መሬት ራሷ ማግኔት መሆኗ ነው። በባለ ቀለም ቲዩብ ውስጥ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች ከአንገቱ ተነሥተው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ቀዳዳ ስስ ብረት አልፈው፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነጥብ ብቻ መምታት አለባቸው። ማግኔት ደግሞ ጨረር ያጣምማል። ዋሽንግተን ላይ የመሬት ማግኔት አቅጣጫ 65 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ያዘነብላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከአግድም እምብዛም አይርቅም። አባ ፒየር ጉዌን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የመሠረቱት የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተፈላጊ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ለማግኔት ወገብ መቅረቡ ነው። ቲዩብ አምራቾች ለሰሜን፣ ለደቡብና ለወገብ አካባቢ ለያይተው ያስተካክሉ የነበረው በዚህ የማዘንበል ልዩነት ምክንያት ነው። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በኮንቴይነር የተላከ ቴሌቪዥን ጥግ ጥጉ ላይ ቀለሙ ቢዛባ ሁልጊዜ የመርከቡ ጥፋት አልነበረም።

«ማሽኑ ሲበራ ማግኔቱን ራሱ ያጸዳ የለ?» የሚል ይኖራል። በቲዩቡ ዙሪያ ያለው የሽቦ ጥቅል የሚያጸዳው ብረቱ የያዘውን ማግኔት ነው፤ ቦታውን የሳተ ዮክ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ሆኖ ጨረሮቹን የሚመራውን ጥቅል፣ አይመልስም። ቲዩብ ሲቀየር ደግሞ ዮኩ ከአሮጌው አንገት ወጥቶ አዲሱ ላይ ይገባል። ስለዚህ ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ፤ ማግኔቱ ይጽዳ፤ ከዚያ ቀዩ ብቻ ይብራ። ቀዩ ላይ ሌላ ቀለም ጣል ጣል ካለ አንገቱ ላይ ያሉት የማግኔት ቀለበቶችና ዮኩ፣ ስክሪኑ ወጥ ቀይ እስኪሆን ድረስ ይንቀሳቀሳሉ። የመፈተሻው ምስል ነጭ መስመሮች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፦ መጀመሪያ ቀይና ሰማያዊ ይገጥማሉ፣ ቀጥሎ ሁለቱ አረንጓዴው ላይ ያርፋሉ፣ ዳር ዳሩ በጎማ ሽብልቅ ዮኩን በማዘንበል ይስተካከላል። ከመስመሮቹ የጀመረ ሰው ኋላ ለቀዩ ሲል ዮኩን ሲገፋ የሠራውን ያፈርሳል። በ1980 የወጣው ፓክማን ጥሩ ፈተና ነው፦ የውጤቱ ነጭ ቁጥር በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ ካሳየ ጨረሮቹ አልተገናኙም፤ ቀዩ መንፈስ ጥግ ሲደርስ ቀለሙ ከተቀየረ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ «ጠፍጣፋ ስክሪን ግጠሙና ተገላገሉ» የሚለው ነው። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ቲዩብ ወደ 20 ሺህ ቮልት ይይዛል፣ ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም፣ አዲስ ማግኘትም ከባድ ሆኗል። ከኮሎምቢያ ሃይትስ በአረንጓዴው መስመር አራት ፌርማታ ርቆ፣ የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ አርት ሙዚየም በ2012 የቪዲዮ ጌም ኤግዚቢሽኑ ላይ ፓክማንን በፕሮጀክተር ሲያሳይ ሰው በደስታ ተጫውቷል። እቀበላለሁ። ነገር ግን ቲዩብ ለመቀየር የወሰነ ባለቤት ይህን ምርጫ አስቀድሞ ትቶታል፤ ወጪውን ካወጣ በኋላ ማስተካከያውን መንፈጉ ትርጉም የለውም። ቴክኒሻኑ ቦታው ድረስ የሚመጣበት ሰዓት ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ይግባ። የብርሃን መጠኑም ቢሆን እንደ ክፍሉ ነው፦ በጠራራ ጋራዥ ውስጥ ልክ የነበረው፣ ደብዘዝ ባለ ቡና ቤት ጥቁሩን አመድ ያስመስለዋል። የብርሃኑን ቁልፍ ማታ፣ መብራቱ ዝቅ ካለ በኋላ ማዞር ይሻላል።