የአሮጌዋ ቮልስዋገን ዓይኖች

ሰው የመሥሪያ ቤቱን ጠረጴዛ ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ነገር ይሻል። አንዱ መጽሐፍ ይገልጣል፥ ሌላው ጓሮውን ይኮተኩታል፤ እኛ ግን ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቅዳሜና እሑድ የፈጀነው ለአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን የፊት መብራት በመፈለግ ነው። ይህ ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ እንደሚታየው እናውቃለን። የትዳር ጓደኛችንም አስተያየት ከዚህ የራቀ አይደለም።

መኪናዪቱ የአባታችን ናት። በ1955 ዓ.ም. የተሠራች፥ ባለ 1192 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተርና ባለ 6 ቮልት ባትሪ ስትሆን፥ የመጀመሪያው ጌታዋ አንድ መምህር ነበሩ። አባታችን ከእሳቸው እጅ የገዟት በ1968 ዓ.ም. ነው። እኛንም በልጅነታችን ወደ ትምህርት ቤት ያመላለሰችን እርሷ ናት። ዳሩ ግን በ1997 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎቿ ተጨራመቱ፤ መብራቶቿም ደቀቁ። የጋራዡ ሰዎች ከእርሷ በኋላ ከተሠራች ሌላ ቮልስ ላይ ነቅለው ያገኙትን ገጠሙላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። የቮልስዋገን ፋብሪካ ለአውሮፓ ገበያ በሚያወጣቸው መኪናዎች ላይ እስከ 1959 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ የፊት መብራቱን የሚያበጀው እንደ ፓራፋንጎው አጋድሞ ነበር፤ መስተዋቱም ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ግን መብራታቸው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ስለዚህ መብራቱን ለመለወጥ ፓራፋንጎውን ጭምር መለወጥ ግድ ይሆናል። ልዩነቱ ለማያውቅ ሰው እምብዛም አይታይም፤ ለሚያውቅ ሰው ግን የቀድሞዪቱ ቮልስ ጭምት ዓይን ያላት ስትሆን የኋለኛዪቱ የደነገጠች ትመስላለች። አባታችን ከጋራዡ ሲያወጧት ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ዞረው፥ «ፊቷን ለወጣችሁብኝ» አሉ። ከዚያም በኋላ መንዳቱን ቀስ በቀስ ተዉት፤ መኪናዪቱም ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሄደ። እኛ መኪናዪቱን ለማደስ በተነሣን ጊዜ ስለ ሞተሩም ስለ ቀለሙም አንዳች አልተናገሩም፤ «ዓይኗን እንዳትረሳ» ብቻ አሉን።

ፍለጋውን የጀመርነው መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ ነው። ፓራፋንጎው ብዙ አላስቸገረንም፤ አንዱን ደኅና አገኘን፥ ሁለተኛውንም አንድ ባለሙያ ባትላሜራ ቀጥቅጦ አስተካከለልን። መስተዋት ግን አይቀጠቀጥም። ከሱቅ ወደ ሱቅ ስንዞር፥ «ጌታዬ፥ ይህ ኦሪጅናል ነው» እየተባለ ያልቀረበልን ነገር የለም። ውሎ አድሮ እንደተረዳነው በዚያ ተራ ኦሪጅናል ማለት ከአሮጌ መኪና ላይ የተነቀለ ማለት ነው፤ ከየትኛዋ መኪና እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እንደ ነዝናዛ ይቆጠራል። በውጭ አገር አስመስለው የሚሠሩት አዲስ መስተዋት እንዳለ ባናጣውም፥ እኛ የምንፈልገው በዘመኑ ቦሽ ወይም ሄላ የሠራውን፥ ስሙ በመስተዋቱ ላይ የታተመበትን ነበር።

በዚህ መካከል በዋሽንግተን የሚኖር የአጎታችን ልጅ ነገሩን ሰምቶ አንድ ጥንድ ላከልን። ከጥጥ ውስጥ ስናወጣው መስተዋቱ እንደ ውሃ የጠራ፥ ምንም መስመር የሌለበት ሆኖ አገኘነው። በአውሮፓው መስተዋት ላይ በውስጥ በኩል ብርሃኑን የሚመሩ መስመሮች ተቀርጸውበታል። በአሜሪካ ግን ከ1940 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሞዴሎች ጀምሮ የመኪና መብራት ሁሉ መስተዋቱ፥ አንጸባራቂውና የሚነደው ክር በአንድነት የታሸገ ይሆን ዘንድ ስለ ታዘዘ፥ ወደዚያ የሚላከው ቮልስዋገን ያን የታሸገ መብራት ከውስጥ አድርጎ ከላዩ ጠፍጣፋ ሽፋን ብቻ ይደረግለት ነበር። የአጎታችን ልጅ አፍሮ ደወለልን። ሆኖም የነገረን ነገር አጽናናን፤ ጎረቤቱ የ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ የተባለውን ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ሲያድስ እንደኛው በመብራት ፍለጋ ይንከራተታል አለ። የጄኔራል ሞተርስ መኪናዎች በዚያ ዘመን መካከሉ ላይ የሦስት ማዕዘን ምልክትና «ቲ-3» የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ነበራቸው። የታሸገ በመሆኑ ክሩ ሲቃጠል ሙሉው መብራት ይጣላል፤ ዛሬ እንደ ማዕድን የሚፈለገውም ስለዚህ ነው። የማናውቀው ሰው በሩቅ አገር የእኛን ሕመም ታሞ መገኘቱ በውነቱ ደስ አሰኘን።

የራሳችንንም ጥፋት አንሰውር። ከገበያው መስተዋት የሌላቸው ሁለት አንጸባራቂ ሳህኖች ገዝተን ነበር። አንደኛው ጥቂት ስለ ደበዘዘ፥ በቤታችን የነሐስ ዕቃ እንደሚወለወለው በሎሚና በአመድ አሸነው። የሚያንጸባርቀው ልባስ ከወረቀት የሳሳ ነው፤ ገና ጨርቁን ሁለት ጊዜ ስናመላልሰው ከሥሩ ያለው ብረት ብቅ አለ። ስድሳ ዓመት የቆየውን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፋነው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ባለቤት ቤት ለመፈለግ አሰብን። መምህሩ ካረፉ ቆይተዋል፤ ባለቤታቸው ግን በሕይወት አሉ። ከአባታችን የተላከ ሰላምታና አንድ ኪሎ ቡና ይዘን ሄድን። እማማ ጉዳያችንን ሲሰሙ ሣቁና የልጅ ልጃቸውን ከአልጋቸው ሥር የእንጨት ሣጥን አስጎተቱት። ከውስጡ በአሮጌ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ የተጠቀለሉ፥ ጭረት እንኳ የሌለባቸው ሁለት የቦሽ መስተዋቶች ወጡ። ልባችን እንዴት እንደ መታ ለመግለጽ አንችልም።

«ለምን ተነቅለው ተቀመጡ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«መንገዱ የተገለበጠ ጊዜ ነዋ፥ ልጄ» አሉን።

ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እማማ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ መምህሩ በዋዜማው ሌሊት በእንቅልፋቸው መካከል «ቀኝ፥ ቀኝ» ሲሉ መስማታቸውን ነገሩን። ከጥቂት ጊዜ በኋላም መምህሩ መስተዋቶቹን አስለውጠው፥ የፊተኞቹን «አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል» በማለት ሸሸጓቸው።

የነገሩ ምሥጢር የገባን ግን በዚያው ምሽት ነው። የመኪናዪቱ መሪ በግራ በኩል ስለሆነ መብራቷም ለቀኝ መንገድ የተሠራ ነው ብለን እንገምት ነበር። ከግቢው ግንብ ዐሥር ሜትር ያህል ርቀን፥ የተረፈውን ሳህን ከመስተዋቱ ጋር አጋጥመን አጭሩን መብራት አበራን። በአውሮፓ ከ1957 (በእነሱው አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አጭር መብራት በሁለቱም ወገን እኩል አይደለም። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራው ብርሃን በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይምራል፤ በቀኝ በኩል ግን የመንገዱን ዳር ለማሳየት 15 ዲግሪ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በእኛ ግንብ ላይ ሽቅብ የወጣው በግራ ነው። እነዚህ መስተዋቶች መኪናዪቱ የመጣችባቸው፥ ከማናቸውም የበለጡ እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ዛሬ በመንገድ ላይ ቢበሩ ከፊት ለሚመጣው ነጂ ሁሉ በዓይኑ ላይ እንደ ባውዛ ይወረወራሉ። አባታችን መኪናዪቱን ያጡት በምን ሌሊት እንደሆነ አንባቢ አልረሳም።

ብዙ አሰብን። መኪናዪቱ ቆማ የምትታይ ዕቃ ብትሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። ጥቂት ወዳጆቻችንም፥ «ግጠማቸው፥ በማታ አትንዳ» አሉን። በመጨረሻው መስተዋቶቹን ለአባታችን ሰጠናቸው። እሳቸውም ጭናቸው ላይ አድርገው፥ የውስጡን መስመር በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ።

«እነዚህ የመምህሩ ዓይኖች ናቸው» አሉ፤ «እኔ ያየሁባቸው አይደሉም።»

እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ እውነተኛ የምንለው ከፋብሪካ የወጣውን ብቻ ነበር። በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገጠመው፥ አባታችን ከሃያ ዓመት በላይ ሌሊቱን የገፉበት ግን ለዚህች መኪና ከእርሱ ያነሰ እውነተኛ ነው የሚያሰኘው ምን እንደሆነ ለማግኘት አልቻልንም። ስለዚህ ፍለጋውን እንደ ገና ጀመርን፤ የፈለግነው በሰኔ 1956 ዓ.ም. አንድ መምህር ሊገዛው የሚችለውን ነው። ከአምስት ወር በኋላ ሶማሌ ተራ ውስጥ ሁለት ሙሉ መብራቶች ተገኙ፤ የአንዱ መስተዋት ቦሽ፥ የሌላው ሄላ ነው። ዋጋቸው ከወር ደመወዛችን ሲሶውን ወሰደ። አለመመሳሰላቸው ቢያሳስበንም፥ አባታችን የቀድሞዎቹም አንዱ ተሰብሮ በሌላ ዓይነት ተተክቶ እንደ ነበር ነገሩን፤ ይህን ሊያጽናኑን ይበሉት ወይም እውነት ይሁን አላጣራንም።

ብርሃኑ በመጀመሪያ እንደ ኩራዝ ነበር። 45 ዋት አምፖል በ6 ቮልት ሲነድ 7 ተኩል አምፔር ይስባል፤ በ12 ቮልት ግማሹ ይበቃው ነበር። ይህን ያህል ኀይል በዛገ መያዣና በቀጠነ ሽቦ ሲያልፍ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ስንለካው ከአምፖሉ ዘንድ የደረሰው 5 ቮልት ብቻ ነው። ሽቦውን በወፍራም ለወጥን፥ ከቆርቆሮው ጋር የሚነካካውንም ሁሉ ፍቀን አጠራን።

ባለፈው ጥር አንድ ምሽት አባታችንን ከጎናችን አስቀምጠን ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወረድን። የመምህሩ መስተዋቶች በጋዜጣቸው ተጠቅልለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነበሩ።

«በርቷል?» አሉን።

«በርቷል፥ አባባ።»

«ረጅሙ ነው አጭሩ?»

«አጭሩ ነው።»

ከታች አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣ ነበር። አባታችን የሞተሩን ድምፅ ሰምተው የበሩን እጀታ ያዙ። መኪናው ቀረበ፤ መብራቱንም አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ሳያደርግብን አልፎን ሄደ።