ለረቡዕ ብቻ

ከትምህርት ቤት ወደ ወላጅ ከሚላኩት ወረቀቶች ሁሉ ሰው የምታንከራትተው አጭሯ ናት። የመዋጮ ወረቀት ቢመጣ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ተበድሮም ይሁን ተለምኖ ተከፍሎ ያልቃል። ለስብሰባ ቢጠሩ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መቅረት አለ። «ልጅዎ ረቡዕ የባህል ልብስ ለብሶ እንዲገኝ» የምትለዋ ቁራጭ ግን ማምለጫ የላትም። ልብሱ ከየት ይመጣል? ማን ሄዶ ያመጣዋል? በስንት? እሷ እንደሆነች ዝም ናት። መቼም ያቺን ወረቀት ለጻፈው ሰው በዓይነ ሕሊናው የታየው፣ ቀን ቀን ቤት የሚውልና ከእጁ ጥቂት ብር የማይጠፋ ወላጅ ሳይሆን አይቀርም።

ይኸን ወግ በማደሪያችን ያነሣን ዕለት አንዱ የጎረቤት ሙሽራ ካባ ተውሶ ንጉሥ ሆኖ መዋሉን፣ ሌላው ደግሞ እኅቱ የአልጋ ልብስ ተጠቅልላ ሐረሪ መባሏን አጫወተን። የእኛ ቤቱ እንዲህ ነው።

ኅዳር 29 ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን ነው፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብሎ ይከበራል። በ2008 ዓ.ም. ዋናው በዓል ጋምቤላ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱ ደግሞ የየራሱ። እኛ ሁለቱ ትልልቆቹ ሕዝብ መዝሙር ከሚዘምሩት ወገን ስለነበርን ነጭ ሸሚዝ በቃን። አንደኛ ክፍል ለነበረው ለትንሹ ወንድማችን ግን ዕጣ ወጣለት። ዓርብ ማታ እማዬ ገና ከመግባቷ ዘሎ ተጠመጠመባትና፣

«እማዬ፣ እኔ ዶርዜ ነኝ!» አላት።

ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «እስከ መቼ?» አለችው።

«ረቡዕ።»

እማዬ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ከኋለኛው በር አጠገብ ባለችው ጠባብ መቀመጫ ላይ ሆና፣ ሳንቲም ስትመልስና «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ውስጡ ባዶ ነው!» ስትል ትውላለች። (ባዶ ሆኖ አያውቅም።) መስመሯ በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ነው። ሽሮ ሜዳ ማለት እንግዲህ እንጦጦ ግርጌ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የአገር ልብስ ከላይ እስከ ታች ተሰቅሎ የሚውልበት ሰፈር ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ለልጅ የሚሆነውም ጭምር በመስኮቷ ያልፋል። ያን ሳምንት ደግሞ ባልደረባዋ ታማ ሁለቱን ፈረቃ ደርባ ትሠራ ነበር። ሌሊት ስትወጣ ሱቆቹ አልተከፈቱም፤ ማታ ሒሳቧን አስረክባ ስትመለስ ተዘግተዋል። በተከፈቱበት ሰዓት ሁሉ ከፊታቸው ናት፤ መውረድ ግን አትችልም። ልብስ ፍለጋ ሰው መርካቶ ድረስ ሲንከራተት፣ የእኛዋ እናት ልብሱን በቀን ስንት ጊዜ እያየችው ታልፋለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሾፌሩ አዘኑላት። «አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ ካለፈ ተቆጣጣሪው ይይዘናል» ብለው የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ለቀቋት። የገንዘብ ቦርሳዋን እንዳነገተች ሮጠች። ይህ ነው ጉዱን ያመጣው። ነጋዴው ቦርሳውን አየና ዋጋውን በቦርሳው ልክ ጠራው፤ ለስድስት ዓመት ልጅ 450 ብር። ቦርሳው የሷ እንዳልሆነ ለማስረዳት ጊዜ የለም። ኪራይ ጠየቀች። ለአንድ ቀን 80፣ መያዣ 300። ደግሞም የሚከራየው የተሸመነ አልነበረም፤ ጥለቱ በማተሚያ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ነው፤ ከሩቅ ብልጭልጭ ይላል፣ ሲነኩት ላስቲክ ላስቲክ። በዚህ መሐል አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ባዶ እጇን ተመለሰች።

እሑድ ማታ ከሥራ ስትገባ ማሙሽን ይዛ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሸማኔው ቤት ወጣች፤ እኛም ተከተልን። ጋሼ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየላኩ ነበር። የመጣንበትን ነገረቻቸው።

«ልጁ ዶርዜ ነው እንዴ?» አሉ።

«ለረቡዕ ብቻ ነው ጋሼ።»

መወርወሪያውን ይዘው ሳቁ። «እሱስ ለረቡዕ ነው። እኔን እነሆ ሠላሳ ዓመት ዶርዜ ብላችሁኛል፤ የዶኮ ሰው ነኝ።»

እውነታቸውን ነው። ዶርዜ በጋሞ ደጋ ካሉት አገሮች አንዱ ነው፤ ዶኮም ሌላው። አዲስ አበባ ግን ከዚያ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ ብላ ታርፈዋለች። ጋሼ ይኸን ብለው አላኮረፉም፤ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ፌስታል ውስጥ ዱንጉዛቸውን አወጡ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሱሪ ነው። አባታቸው የሸመኑት፣ እሳቸውም ለመስቀል አገራቸው ሲወርዱ የሚለብሱት። ማሙሽ አየት አድርጎ፣ «የእማዬን አውቶቡስ ይመስላል» አለ። አዋቂዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ አውቶቡሱም ቀይና ቢጫ ነበራ።

ሱሪው እስከ ማሙሽ አንገት ይደርሳል። የጋሼ ባለቤት እግሩን አጥፈው በነጭ ክር ወሰወሱት፤ ወገቡን በመቀነት ጠፈሩት። በዚያ ቤት የጋሼ ወንድም ልጅ የሚሆን፣ ከእኛ ጋር የሚተካከል ልጅ ነበር። ቀን ይሸምናል፣ ማታ ይማራል። መቀነቱ ሲታሰር ቆሞ ያይ ነበርና፣ «ጭፈራውንስ ያውቀዋል?» አለን። ማሙሽ አስተማሪው ያሳየችውን ጨፈረ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ከእኛ ጎን ተነሥቶ፣ እግሩን እንዴት እንደሚያነሣ፣ ትከሻውን እንዴት እንደሚጥል አሳየው። እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ በድሩ ሥር እያጎነበሰ። ጭፈራውን ከአገሩ ይዞት የመጣው እሱ ብቻ ነበር፤ ረቡዕ ግን ሥራ ነበረው።

ረቡዕ ጠዋት ልጆቹ ሲሰለፉ ዓይን የሚወጋ ቀለም ነበር። የታተመው ጨርቅ በፀሐይ ይንቦገቦጋል። አስተማሪዋ የማሙሽን ሱሪ ጫፉን ይዛ፣ «ይኼ ፈዘዘብኝ፤ ከኋላ ይቁም» አለች። ክፋት አልነበራትም፤ ሰልፉ እንዲያምርላት ነው። ከዶርዜዎቹ ሁሉ በእጅ የተሸመነ የለበሰው ብቸኛው ልጅ ከኋላ ቆመ። ከበሮው ሲጀመር መቀነቱ ላላ። ማሙሽ አላቆመም፤ በግራ እጁ ሱሪውን ጨምድዶ፣ በቀኙ እየወዘወዘ ቀጠለ። ከጎኑ ያለችው ልጅ አይታ ወገቧን ያዘች። ቀጥሎ ያለውም ያዘ። ዘፈኑ ሳያልቅ ሰልፉ በሙሉ በግራ እጁ ወገቡን ይዞ ይጨፍር ነበር፤ ወላጆችም የባህሉ ነው ብለው አጨበጨቡ።

እማዬ ለዚያች አንድ ሰዓት ብላ የገናን ቀን ለባልደረባዋ ሰጥታ ነበር። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ እያለከለከች ስትደርስ መድረኩ ላይ አፋሮቹ ወጥተዋል። «አለፈ?» አለችን። አልፏል። ማሙሽ ሱሪውን እንደያዘ መጥቶ ለእሷ ብቻ፣ ከመጸዳጃው ግድግዳ ሥር፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጨፈረላት። ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች፤ እስኪጨርስ ግን አልሄደችም።

በዓሉን የምንነቅፍ አይምሰላችሁ። የሶማሌን ሽርጥ፣ የሐረሪን ቀሚስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በእነዚያ ረቡዖች ነው። የማይገባን ልጁ ይጨፍራል እየተባለ ፈተናው ለእናቱ የሚሰጠው ነገር ነው፤ ውጤቱ ደግሞ በአደባባይ፣ በልጇ ገላ ላይ ይለጠፋል። የፊተኛው ረድፍና የኋለኛው ረድፍ ምን እንደሚለያያቸው የስድስት ዓመት ልጅ አይገባውም ያለ ማነው? ማሙሽ ማታ፣ «የእኔ ለምን አያበራም?» ብሎ ጠይቋል።

በ2017 ዓ.ም. ያው በዓል ወደ ጋሞ አገር ወርዶ አርባ ምንጭ ላይ ሲከበር ከማደሪያው ልጆች ጋር በቴሌቪዥን አየን። ዱንጉዛው አደባባዩን ሞላው። እኛ ሁለታችን ወገቡን የያዘ ጨፋሪ ስንፈልግ ብንቆይ አጣን፤ ተያይተንም በሳቅ ስንፈነዳ ሌሎቹ ግራ ገባቸው።

ሱሪው ታጥቦ፣ ከግማሽ ኪሎ ቡና ጋር፣ በሳምንቱ እሑድ ተመለሰ። ጋሼ ቡናውን ለባለቤታቸው ሰጡና ሱሪውን ዘረጉት። የተወሰወሰው ነጭ ክር አልተፈታም ነበር። እማዬ ልትፈታው እጇን ብትዘረጋ፣ «ተይው፣ ለመስቀል ይደርሳል» አሏት። ከዚያም፣

«ለመሆኑ ምን አሉት?»

እማዬ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ፈዟል አሉት ጋሼ» አለች።

ጋሼ ሱሪውን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገው ያዙት። «ሰው ሲለብሰው የኖረ ነዋ» አሉ። አጣጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱትና ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ፤ ለሰኞ የሚያስረክቡት ነጠላ ነበራቸው።