ብናጠፋቸውስ?

የሌሊት ወፍ በእኛ አገር መልካም ስም ኖሯት አያውቅም። "ከወፍም ከአይጥም የማትሆን" እያልን ወላዋይ ሰው እንሰድብባታለን። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን፣ በጂንካ፣ መገኘቱ ሲረጋገጥ ደግሞ ሌላ ስም ተጨመረላት፤ ገዳይ። በዚያ ሰሞን የዶርማችን ወሬ ሁሉ ይሄው ነበር። "ታዲያ ያሉበትን ዋሻ በእሳት ማጋየት ነዋ!" አለ አንዱ ጓደኛችን። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄውን የምር ወሰድኩት። እውነት፣ ብናጠፋቸውስ?

መልሱን ያገኘሁት ከዩጋንዳ ነው። በምዕራብ ዩጋንዳ ኪታካ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያ የሚሠሩ ሰዎች በማርበርግ ታመሙ። ተመራማሪዎች ቢገቡ ከ100 ሺህ በላይ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ሰፍረውበት አገኙ፤ ቫይረሱንም ከእነሱው ለይተው አወጡ። ማዕድን ቆፋሪዎቹም ልክ እንደ ጓደኛችን አሰቡና የጉድጓዱን አፍ ዘግተው ፈጇቸው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሽታው በዚያው አካባቢ እንደገና ተነሣ። ተመራማሪዎቹ ወደ ጉድጓዱ ሲመለሱ ጥቂት የሌሊት ወፎች ዳግመኛ ሰፍረዋል። ቫይረሱ የተገኘባቸው ቀድሞ ከመቶ 5 ያህል ነበሩ፤ አሁን ከመቶ 13 ሆነዋል! እንዴት? ባለሙያዎቹ እንደሚገምቱት ባዶውን ቦታ የሞሉት ቫይረሱ ይዟቸው የማያውቅ አዲስ መጤዎች በመሆናቸው በመካከላቸው እንደ ልቡ ተዛመተ።

ክትትል ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። ባለሙያዎች ከራስ እስከ እግራቸው ተሸፍነው ዋሻ ይገባሉ፤ የሌሊት ወፎቹን በመረብ ይይዛሉ፤ ናሙና ይወስዳሉ፤ ቁጥር አስረው ይለቋቸዋል። ከዚህ አድካሚ ሥራ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ተገኝቷል። እነዚህ የሌሊት ወፎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸው ስድስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ቫይረሱ ይበረክትባቸዋል። በሽታው ወደ ሰው የተሻገረውም በአብዛኛው በእነዚሁ ወቅቶች ነው። እንግዲህ ከዋሻና ከጉድጓድ በተለይ መቼ መራቅ እንደሚገባ ለሕዝቡ አስቀድሞ መንገር ይቻላል ማለት ነው። ይሄ ከእሳት አይሻልም?

የእኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። በጥር 2018 ዓ.ም. ወረርሽኙ ማብቃቱ ሲነገር ዜናውም አብሮ ቀዘቀዘ። ሰው ባልታመመበት ወር ስለ ዋሻ ምን ይጻፋል? ይባል ይሆናል። እኔ ግን የሚጻፈው ያኔ ነው እላለሁ። በደህናው ቀን ዝም ካልን ሕዝቡ ስለ ዋሻው የሚሰማው ሰው ሲሞት ብቻ ይሆናል፤ በድንጋጤ መሐል ደግሞ ክብሪት መጫር ይቀላል። "ገዳይ" የምትለዋን ርዕስ ከመጻፋችን በፊት ኪታካን እናስታውስ።