በቮልታ ሐይቅ የሰመጠው ደን

በጋና የአኮሶምቦ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጠናቀቀ፤ የታቆረውም ውኃ ወደ 8,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምድር አጥለቀለቀ። አብዛኛው ደን ሳይመነጠር በቁሙ ሰመጠ። በሰመጡት ግንዶች ላይ አልጌ ይበቅላል፤ ፖቪላ አዱስታ የተባለው በራሪ ነፍሳት እጭም እንጨቱን ቦርቡሮ ይኖርበታል። ዓሦች እነዚህን ይመገባሉ፤ በቅርንጫፎቹ መካከልም ከአዳኞቻቸው ይጠለላሉ። ስለዚህ አጥማጁ መረቡን ግንድ ወዳለበት ይጥላል። ዳሩ ግን መረቡ የሚጠላለፈው፣ ጀልባውም የሚሰበረው በዚያው ነው። ውኃው ሲጎድል ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብለው የሚቀሩት ጉቶዎች አይታዩም፤ ሰው የጫነ ጀልባ ሲመታቸው ይገለበጣል። ግንዱን ሁሉ መንቀል የዓሣውን ቤት ማፍረስ ነው፤ ሁሉን እንዳለ መተው ደግሞ መንገደኛውን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። የጀልባውን መስመር መርጦ መመንጠርና ምልክት ማቆም፣ የቀረውን ደን ግን ለዓሣው መተው ሁለቱን ሳያስታርቅ አይቀርም።